ነጩን አሸዋ ማን ፈጨው?

እህ ብላችሁ ስሙኝ። የምተርክላችሁ ከሞምባሳ ተነሥቶ የሕንድ ውቅያኖስን ዳር ዳሩን ይዞ ወደ ሰሜን ስለሚወጣው የኬንያ መንገድ ነው። እስከ ማሊንዲ ድረስ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። የቸኮለ ሰው በጠዋት ተነሥቶ ምሳውን ማሊንዲ ይበላል። እኛ አልቸኮልንም። በዚህ አጭር መንገድ ላይ መልስ የሚፈልግ ነገር ነበረንና። ዋታሙ የምትባል መንደር አለች፤ አሸዋዋ ነጭ ነው፤ ዓይን ይወጋል። ከእሷ ትንሽ ከፍ ብላ ማሊንዲ አለች፤ የእሷ አሸዋ ደግሞ ቡናማ ነው። ባሕሩ ያው አንድ ባሕር፣ ፀሐዩ ያው፣ ነፋሱ ያው። ታዲያ አሸዋው በምን ተለያየ?

ጥያቄውን ያነሣው የእህቴ ልጅ ነው። ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ይሸጣል። ለዕቃ ወደ ሞምባሳ በወረደ ቁጥር እግረ መንገዱን ወደ ባሕሩ ጎራ ይላል፤ ይህ ነገር ሲከነክነው ኖሯል። ደወለልኝና፣ «ጋሼ፣ በጥር ይምጡ። ያኔ ዝናቡ ያበቃል፣ ባሕሩም ይጠራል። ሁለት ሞተር እናዘጋጅና አብረን እንየው» አለኝ። እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ ያደግሁት ባሕር በሌለበት አገር ነው። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ እምቢ የሚል አንደበት የለኝም። ዓመተ ምሕረት ስጠራ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ይህን ያዙልኝ።

ሞምባሳ በማለዳ ደስ ትላለች። በአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገድ ላይ ሴቶች ማሃምሪ ይጠብሳሉ፤ ካርዲሞም፣ ማለትም የእኛ ኮረሪማ ዘመድ፣ የገባበት ለስላሳ የሊጥ ጥብስ ነው፤ ከኮኮናት ወተት ጋር በተቀቀለ ምባዚ፣ በርግብ አተር፣ ይበላል። እሱን በልተን፣ ሻያችንን ጠጥተን፣ ወደ ፎርት ጂሰስ ግንብ ወጣን። ፖርቱጋሎች ይህን ምሽግ በ1593 ጀምረው በሦስት ዓመት ውስጥ አቆሙት። ግድግዳውን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ተራ ድንጋይ አይደለም። ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፤ በየቦታው የኮከብ ቅርጽ፣ የቀንበጥ ቅርጽ፣ የዛጎል ጠርዝ ይታያል። መሠረቱም ግድግዳውም ኮራል ነው። በአንድ ወቅት ባሕር ውስጥ በሕይወት የነበረ ነገር መድፍ ሊመክት ቆሟል። የእህቴ ልጅ እጁን ግድግዳው ላይ አሳርፎ፣ «ነገሩ ከዚሁ ይጀምራል ማለት ነው» አለ። ከዚሁ ነው የጀመረውም።

ኬንያ ውስጥ በግራ ነው የሚነዳው። በቀኝ መንዳት ለለመደ ሰው ቀጥ ባለው መንገድ ችግር የለም፤ ፈተናው አደባባይ ላይ ነው። አንጸባራቂ ሰደርያችንን ለብሰን፣ ሄልሜታችንን አጥልቀን፣ የኒያሊን ድልድይ ስንሻገር ልጁ ከፊት ሆኖ በየመታጠፊያው ግራ እጁን ያወዛውዝልኛል። ቦዳ ቦዳዎቹ፣ ማለትም ባለሞተሮቹ፣ ሦስትም አራትም ሰው ጭነው በግራም በቀኝም ያልፉናል፤ አንዱ ፍየል ጭኖ፣ ሌላው የበር መቃን ተሸክሞ። ምትዋፓን ካለፍን በኋላ ግን መንገዱ ተነፈሰ። ቪፒንጎ ላይ የቃጫ እርሻው በመንገዱ ግራና ቀኝ ዓይን እስኪደክም ይዘረጋል፤ በመካከሉ ግዙፍ ባኦባቦች ቆመዋል። ቃጫውን የተከሉት ሰዎች ባኦባቡን ለመቁረጥ አልደፈሩም፤ በዚያ አገር ባኦባብ ባለቤት አለው ይባላል፣ ባለቤቱም ሰው አይደለም።

ኪሊፊ ላይ ባሕሩ ወደ መሬቱ ጠልቆ ገብቷል። ድልድዩ በ1991 እስኪሠራ ድረስ መኪናም ሰውም በጀልባ ነበር የሚሻገረው። እላዩ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያለውን ሰማያዊ ውኃ ማየት የማይፈልግ የለም፤ ነገር ግን ድልድዩ ላይ መቆም ክልክል ነው። ተሻግረን ጥላ አገኘንና ማዳፉ፣ ያልበሰለ የኮኮናት ውኃ፣ ጠጣን።

ልብ በሉልኝ፣ ከኪሊፊ በኋላ መንገዱ ዳር ሰዎች መሬት ቆፍረው ድንጋይ ይቆርጣሉ። በመጋዝና በመጥረቢያ ነው የሚቆርጡት፤ ያን ያህል ልል ነው። ቤት የሚሠራው በዚያ ነው፤ አጥሩም፣ የጉድጓዱም ግድግዳ። አንዱን የተቆረጠ ጡብ አንሥቼ አየሁት፤ የፎርት ጂሰስ ድንጋይ ነው። በዚያ ዳርቻ የምትነዱበት መሬት ራሱ የጥንት የባሕር ወለል ነው። የዛሬ 125,000 ዓመት ገደማ ባሕሩ ከዛሬው ከፍ ብሎ ሳለ ኮራሉ እዚህ ነበር የሚኖረው፤ ባሕሩ ሲሸሽ እሱ በደረቁ ቀረ። ሞተራችን የሚሄደው በአሮጌው ኮራል ላይ ነው፤ አዲሱ ኮራል በስተቀኛችን፣ ማዕበሉ ነጭ ሆኖ በሚሰበርበት መስመር ላይ፣ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

አራቡኮ ሶኮኬ የሚባለውን ደን በፍጥነት አለፍነው። አራት መቶ ሃያ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ከተረፉት የዚህ ዓይነት ደኖች ትልቁ ነው ይላሉ። እሱ ራሱ አንድ ትረካ ይወጣዋልና እዚህ አልነካካውም። ጌዲ ላይ ግን ቆምን።

ጌዲ በዛፍ የተዋጠ ከተማ ነው። በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት ገደማ የተቆረቆረ የስዋሂሊ ከተማ፤ መስጊዱ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ባለ ቅስት በሩ፣ መታጠቢያ ቤቱ ሁሉ ከኮራል ድንጋይና ከኮራል ኖራ የተሠራ። በ1948 ጄምስ ኪርክማን የሚባል አርኪዮሎጂስት መቆፈር ሲጀምር ከቻይና የመጣ ሸክላ፣ ከቬኒስ የመጣ ዶቃ አገኘ። በ2024 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ሕዝቡ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ከተማውን ጥሎ ሄደ። ለምን? የታሪክ ሰዎች አንድ ምክንያት ብቻ አይሰጡም። ከደቡብ የመጣ ወረራ ይላሉ፤ ከእኛው አገር በኩል የወረደው የኦሮሞ አርብቶ አደሮች መስፋፋት ይላሉ፤ የእነሱ ዘመዶች፣ ኦርማዎቹ፣ ዛሬም በኬንያው ጣና ወንዝ ዳር ከከብቶቻቸው ጋር አሉ፣ ቋንቋቸውም ኦሮምኛ ነው። ሌላው ምክንያት የውኃው መራቅ ነው። በታላቁ መስጊድ አጠገብ ያለውን ጉድጓድ አጎንብሼ ተመለከትሁ፤ እጅግ ጥልቅ ነው። ጉድጓዶቹ መጀመሪያ ከተቆፈሩበት በላይ እየጠለቁ ሄደዋል፤ ውኃው እየራቀ ሰው እየተከተለው። ሰው ውኃ ፍለጋ ድንጋይ ሲፈለፍል ያደከመው ክንድ እዚያ ግድግዳ ላይ ይታያል። እኔ ወረራውንም መስፋፋቱንም ትቼ ያን ጉድጓድ ነው የማምነው።

ከጌዲ ወደ ቀኝ ታጥፎ ዋታሙ ቅርብ ነው። አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን።

ሞተር ይዞ ባሕር ዳር የሚደርስ ሰው መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ አሸዋው ላይ መንዳት ነው። ዋታሙ ላይ ይህ አይሞከርም፤ ኤሊዎች እንቁላላቸውን የሚቀብሩት እዚያ ነውና። ሞተሮቹን ከኮኮናት ዛፎቹ ሥር አቆምን። መሬቱ ልል ስለሆነ ማቆሚያው እየሰመጠ ሞተሩን ይጥለዋል፤ የእህቴ ልጅ ከመሬት የኮኮናት ቅርፊት አንሥቶ ከሥሩ አነጠፈለት። ጫማችንን አወለቅን። ጥቂት ደረጃ ወረድንና ቆምን።

ነጭ አሸዋ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ያየሁት ግን ማኛ ጤፍ ዱቄት ነው። ማዕበሉ ሲመለስ የሚተወው እርጥብ መስመር እንኳ አይጠቁርም፤ ፈዘዝ ያለ ክሬም ይሆናል እንጂ። ሰዓቱ ቀትር ነበር። ፀሐዩ ከአናታችን ላይ ቀጥ ብሏል፤ አስፋልቱ ላይ እንቁላል ይጠበሳል። እኔም እግሬ ይቃጠላል ብዬ ሰጋሁ። አልተቃጠለም። ነጭ አሸዋ ብርሃኑን መልሶ ወደ ሰማይ ይወረውረዋል፤ ሙቀቱን አያከማችም። በዚያ ቀትር በባዶ እግሬ እስከ ድንጋዮቹ ድረስ ሄጄ ተመለስሁ። ድንጋዮቹም መታየት አለባቸው፤ ማዕበሉ ከሥር ከሥራቸው ቆርጦ እላያቸውን የተወላቸው የአሮጌ ኮራል ደሴቶች ናቸው፤ ባሕሩ ሲጎድል በእግር ይደረስባቸዋል።

አንድ ሽማግሌ ጀልባውን ጎትቶ አሸዋው ላይ አውጥቶ ተቀምጧል። የእህቴ ልጅ በስዋሂሊኛ ሰላምታ ሰጠውና ወዲያው ስለ አሸዋው ጠየቀው። ሽማግሌው አልሳቀብንም። ከጀልባው ውስጥ ግማሽ ሎሚ አወጣ፤ ዓሣ ላይ የሚጨመቀውን፣ ንዲሙ የሚሉትን። «እጅህን ዘርጋ» አለኝ። ዘረጋሁ። አንድ እፍኝ ደረቅ አሸዋ አፈሰሰልኝና ሎሚውን ጨመቀበት። «አሁን ወደ ጆሮህ አስጠጋው።»

አስጠጋሁት። ይንሾካሾካል። ዓይኔን ወደ መዳፌ ሳቀርብ ጥቃቅን አረፋዎች ከአሸዋው መሐል ይወጣሉ። ኮራልም፣ ዛጎልም፣ የእንቁላል ቅርፊትም ከአንድ ዓይነት ነገር የተሠሩ ናቸው፤ ኖራ ነው፤ አሲድ ሲነካው ጋዝ እየተነፈሰ ይሟሟል። የእኛ የወንዝ አሸዋ፣ ቤት የምንሠራበት፣ ከድንጋይ የመጣ ነው፤ ሎሚ ብትጨምቁበት ዝም ይላል። ይህኛው መለሰ።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ተከፈተ። መዳፌ ላይ ያለውን ፍሬ በፍሬ አየሁት። አንዷ ሮዝ ናት፤ የዛጎል ስባሪ። አንዷ ቀጭን ዘንግ ናት፣ ርዝመቷ ላይ መስመር የተሰመረባት፤ የባሕር ጃርት እሾህ። አንዷ ዝርግ ነጭ ቅርፊት ናት፤ ሃሊሜዳ የሚባል አረንጓዴ የባሕር ተክል አለ፣ አካሉን በኖራ የሚሠራ፣ ሲሞት እንዲህ ተበታትኖ ነጭ ይሆናል። አንዷ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት የኮራል ቅንጣት። እፍኝ ሙሉ ይዤ ድንጋይ ፈልጌ አጣሁ፤ ሁሉም በሕይወት የነበረ ነገር ነው።

«ማን ፈጨው ታዲያ?» አልሁት።

«ማዕበሉ ይፈጫል። ከማዕበሉ የበለጠ ግን ፖኖ ይፈጫል» አለ ሽማግሌው።

ፖኖ እኛ የበቀቀን ዓሣ የምንለው ነው፤ አፉ እንደ ስሙ ነው። በማግስቱ በመስታወት ወለል ጀልባ ወደ ኮራሉ አጥር ሄደን በዓይናችን አየነው። አረንጓዴና ሰማያዊ ነው፤ ሆዱ ስር ሮዝ አለው። ጥርሶቹ ተጋጥመው መንቃር ሆነዋል። ኮራሉን በዚያ መንቃር ይግጠዋል፤ ኮራሉን ግን አይደለም የሚፈልገው፣ እላዩ ላይ የበቀለውን አልጌ ነው። የነከሰው ኖራ ጉሮሮው ውስጥ ባሉ ሌሎች ጥርሶች ይፈጫል፤ አልጌው ለሆዱ ይቀራል፤ ኖራው ደቅቆ ከኋላው ይወጣል። ነጭ ደመና ሆኖ ይወጣና ቀስ ብሎ ወደ ወለሉ ይወርዳል። የእህቴ ልጅ ሁለት እጁን በመስታወቱ ላይ አስደግፎ አንዱን ዓሣ ሲከታተል ዋለ፤ ይነክሳል፣ ይዋኛል፣ አሸዋ ይጥላል፣ ይነክሳል። አንድ ትልቅ የበቀቀን ዓሣ በዓመት በብዙ አስር ኪሎ የሚመዘን አሸዋ ያወጣል። ሰዎች ከሩቅ አገር በአውሮፕላን መጥተው የሚተኙበት አሸዋ ከፊሉ ከዚያ ደመና የወረደ ነው። ይህን ሳውቅ አሸዋው አልረከሰብኝም፤ ይልቁንስ ከበረብኝ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ይህ ነገር የፖሊሲም ነገር ነውና። ዋታሙና ማሊንዲ በ1968 የባሕር ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ፤ በአፍሪካ ከመጀመሪያዎቹ ናቸው። በፓርኩ ውስጥ ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው። ሽማግሌው ይህን ሕግ ሲወደው አልኖረም፤ ልጅ ሳለ አባቱ ያጠምድበት የነበረ ውኃ ነው፣ የተወሰደባቸውም ሳይጠየቁ ነው። ሐዘኑ እውነት ነው፤ ማንም ሊያቃልልበት አይገባም። ነገር ግን ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት በኬንያ ዳርቻ ያዩትን ስሙ። ዓሣው ከልክ በላይ በተጠመደበት ኮራል ላይ የባሕር ጃርት ይበዛል፤ ጃርቱን ሰብረው የሚበሉት ዓሦች ስላለቁ ነው። ጃርቱ ደግሞ ኮራሉን ራሱን እየፋቀ ይጨርሳል። ፖኖ ሲግጥ ኮራሉ ይተካል፤ ጃርት ሲሰለጥንበት ግን የሚተካ ነገር አይኖርም። በፓርኩ ውስጥ ጃርቱ ጥቂት ነው። ሽማግሌው ራሱ እንዲህ አለን፦ «ዓሣው የፓርኩን ወሰን አያውቅም። እዚያ ይወልዳል፣ እዚህ ይመጣል። እኔ የማጠምደው የዚያን ትርፍ ነው።»

ሌላም መከራ አይቷል ያ ኮራል። በ1998 ባሕሩ ከመጠን በላይ ሞቀ። ኮራል ውስጥ የሚኖር፣ ኮራሉን የሚመግብ አልጌ አለ፤ ሙቀት ሲበዛበት ያስወጣዋል፣ ቀለሙም አብሮት ይሄዳል። በኬንያ ዳርቻ በብዙ ቦታ ከኮራሉ ከግማሽ በላዩ በዚያ ዓመት ሞተ። ሽማግሌው ያን ጊዜ ያስታውሰዋል፦ «ከጀልባ ሆኜ ቁልቁል ሳየው ወለሉ ሁሉ ነጣ። መጀመሪያ አሸዋ መስሎኝ ነበር።» ከፊሉ ተመልሷል፣ ከፊሉ አልተመለሰም፤ በ2016 ደግሞ ሙቀቱ ዳግመኛ መታው። አሸዋው ዛሬ ብዙ ነው፤ ከዘመናት የተጠራቀመ ነውና ወዲያው አያልቅም። ነገር ግን ማዕበልና ነፋስ በየዓመቱ ከዳርቻው ይወስዳሉ፤ የሚወስዱትን የሚተካው በሕይወት ያለ ኮራልና በሕይወት ያለ ዓሣ ነው። ባሕር ዳር ቪላ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ከግንቡ በፊት ስለ ፖኖ ይጨነቁ ነበር እላለሁ።

የኤሊዎቹንም ነገር ልንገራችሁ። ሴቷ ኤሊ በሌሊት ወጥታ አሸዋውን ቆፍራ መቶና ከመቶ በላይ እንቁላል ትቀብራለች። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ይፈለፈላል። የሚደንቀው ይህ ነው፤ ጫጩቱ ወንድ ይሁን ሴት የሚወስነው የአሸዋው ሙቀት ነው። ሞቅ ካለ ሴት ይበዛል፣ ቀዝቀዝ ካለ ወንድ። ስለዚህ እግሬን ያላቃጠለው ነጭነት ለእነሱ የትውልድ ጉዳይ ነው። ዋታሙ ውስጥ ከ1997 ጀምሮ ሎካል ኦሽን ኮንሰርቬሽን የሚባል ድርጅት ጎጆዎቹን ይጠብቃል፤ መረብ ውስጥ የገቡ ኤሊዎችንም ከዓሣ አጥማጆች ተቀብሎ የታመመውን አክሞ ወደ ባሕር ይመልሳል። ኤሊውን ላስረከበ ዓሣ አጥማጅ ለድካሙ ጥቂት ገንዘብ ይሰጠዋል። ይህን እወደዋለሁ፤ ባሕሩን አድኑ እያሉ የሰውዬውን ጓዳ መርሳት አይሆንም።

ከዋታሙ ስንነሣ ሞተሮቹን በጨው አልባ ውኃ አጠብን፤ ሰንሰለቱን አደረቅን፣ ዘይት ቀባን። የባሕር አየር ብረት ይበላል። የእህቴ ልጅ በዚህ ቀልድ አያውቅም፤ አንዷን ብሎን ሳይቀር በጨርቅ ጠረጋት።

ማሊንዲ ቅርብ ናት። ከተማው ከዋታሙ ያረጀ፣ የሰፋ፣ የጮኸ ነው። መጀመሪያ የሄድነው ወደ ቫስኮ ዳ ጋማ ምሰሶ ነው፤ ባሕሩ ውስጥ ገባ ባለ የኮራል ድንጋይ ጫፍ ላይ ቆሟል፣ በአናቱ ከፖርቱጋል በመጣ ድንጋይ የተሠራ መስቀል አለው። ዳ ጋማ በ1498 እዚህ ደርሶ ከማሊንዲ ሱልጣን ወደ ሕንድ የሚመራው መርከበኛ አገኘ። ለእኛ ግን ታሪኩ እዚህ አያበቃም። ልጁ ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ በ1541 አራት መቶ ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች ይዞ በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን ገባ፤ በተከታዩ ዓመት በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም እጅ ወድቆ ተገደለ። የአባት ምሰሶ በቆመበት ጫፍ ላይ ሆኜ የልጁን መጨረሻ አሰብሁት፤ የኛ ተራሮች ከዚህ ምሰሶ ጋር እንደሚገናኙ ትምህርት ቤት ማንም አልነገረኝም ነበር።

ከምሰሶው ወደ ሰሜን አሸዋው ይጀምራል። ቡናማ ነው፤ ሰፊ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ያብለጨልጫል። የእህቴ ልጅ ከመሣሪያ ቦርሳው ውስጥ ብሎን የሚለቅምበትን ባለ ዘንግ ማግኔት አወጣ። አሸዋው ውስጥ ነክሮ ሲያወጣው ጫፉ ጥቁር ጢም አብቅሏል። ብረት ያዘለ ጥቁር ቅንጣት ነው። ከዋታሙ አሸዋ ላይ ሞክሮት ነበር፤ ማግኔቱ ባዶውን ነው የወጣው። የሚያብለጨልጨው ደግሞ ሚካ ነው። ሎሚም ጨመቅንበት፤ የተሰማ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ይህ አሸዋ ከባሕር አልተወለደም፤ ከተራራ ነው የመጣው።

ማን አመጣው? ሳባኪ አመጣው። ከማሊንዲ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሰሜን ድልድዩ ላይ ደረስንና ሞተር አጠፋን። ወንዙ ወፍራም ቀይ ቡናማ ነው። ከናይሮቢ አካባቢ ከፍታ አቲ ተብሎ ይነሣል፣ የጻቮ ወንዝ ሲገባበት ጋላና ይባላል፣ ባሕር ሲደርስ ሳባኪ ነው። ግንድ ይዞ የሚዞረውን አባይን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አፈር ተሸክሞ የሚሄድ ወንዝ ነው። በጥር የሚነፍሰው ካስካዚ፣ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ፣ ያን ቀይ ውኃ ወደ ደቡብ፣ ወደ ማሊንዲ ይገፋዋል። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት የሚነፍሰው ኩሲ ሲመጣ ደግሞ ወደ ሰሜን ይመልሰዋል። ዋታሙ ራቅ ብላ ስለምትገኝ ይተርፋታል፤ የነጭነቷ ባለ ውለታ ይህ ርቀት ነው። ጭቃ ፀሐይን ይጋርዳል፣ ኮራል ያለ ፀሐይ አይኖርም፤ ኮራል ከሌለ ፖኖ የለም፣ ፖኖ ካነሰ ነጭ አሸዋም ያንሳል።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ አንድ ነገር ነው። ተመራማሪዎች ከማሊንዲ ባሕር ውስጥ ዕድሜው 300 ዓመት ከሚደርስ አንድ ኮራል ናሙና ወስደው ጥናታቸውን በ2007 አሳተሙ። ኮራል በየዓመቱ ይደራረባል፤ በየድርቡም ወንዙ ያመጣው አፈር ምልክት ይተዋል። ከ1700 እስከ 1900 ገደማ ምልክቱ ያን ያህል አይለዋወጥም። ከዚያ በኋላ ይወጣል፤ እየወጣም ይሄዳል። ያ ዘመን ቅኝ ገዢዎች በደጋው ሰፍረው መሬቱ የታረሰበት፣ ደኑ የተመነጠረበት፣ ሕዝቡም ወደ ጠባብ መሬት የተገፋበት ዘመን ነው። ተራራው ላይ የተደረገውን ባሕሩ ውስጥ ያለው ኮራል መዝግቦታል።

ከድልድዩ ሥር፣ ወንዙ ዳር፣ አንድ አዛውንት ዓሣ ይጠብሱ ነበር። ወርደን ሰላም አልናቸው። ከየት እንደመጣን ሲሰሙ ወንዙን በዓይናቸው አሳዩንና፣ «የእናንተስ አፈር የት ይሄዳል?» አሉ።

የእህቴ ልጅ አሰብ አደረገና ነገራቸው፦ «ብዙው በአባይ ወደ ሱዳንና ግብፅ ሲወርድ ነው የኖረው። በደቡብ ግን ገናሌ የሚባል ወንዝ አለን፤ ከባሌና ከሲዳማ ተራራ ይነሣል፤ ዶሎ አጠገብ ከዳዋ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ ሶማሊያ ገብቶ ጁባ ይባላል።»

«ጁባ!» አሉ አዛውንቱ። «ጁባማ ኪስማዩ ላይ ነው የሚወጣው። የእኛው ባሕር ነው እኮ! አባቴ በካስካዚ ከኪስማዩ ጀልባ ይዞ ወደዚህ ይወርድ ነበር።»

«አዎ፣ ቀይ አፈራችን እዚያ ነው የሚወጣው» አላቸው።

አዛውንቱ ዓሣውን ገለበጡት። «እንግዲያው ጎረቤቶች ነን። ሞተራችሁን ወደ ጥላው አስጠጉና ተቀመጡ፤ ዓሣው ደርሷል።»

ሞተሮቹን አስጠጋንና ተቀመጥን።